የዳታ ሌ ዓሦች በቂርቆስ

ቢሊሴ ጉርሜሳ ስትቆጣ አትጮኽም። ድምጿ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ይሄድና የሚያዳምጣት ሰው ጆሮውን ማስጠጋት ግድ ይሆንበታል፤ አንዴ ካስጠጋ በኋላ ደግሞ መሸሻ የለውም። ያደገችው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አጥሩ በቆርቆሮ በተጠጋገነ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አባቷ አቶ ጉርሜሳ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበሩ። እሷ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ሳንባቸውን ታመው ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሟ ለታ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና መጨረሱ ነበር። ትምህርቱን እዚያው ላይ አቁሞ ላንቻ አንድ ጋራዥ ገባ። እጁ በግራሶ ጠቁሮ ይመጣል፤ ታጥቦ ራቱን ከበላ በኋላ እሷ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጦ ያንጎላጃል። “አንቺ ብቻ ተማሪ፤ እኔ እደርሳለሁ” ይላት ነበር። ደግሞም ደረሰ። በማታው ክፍለ ጊዜ እየተማረ ምህንድስና ጨረሰ፤ ከዓመታት በኋላም ካዛንቺስ አንድ ፎቅ ላይ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የሚሠራ ትንሽ አማካሪ ድርጅት ከፈተ። ቢሊሴ በዚህ ዓለም ማንን ታምኛለሽ ብትባል ሳታስብ የምትጠራው ስም የለታን ነበር።

እሷ ባዮሎጂ አጥንታ ወሎ ሰፈር አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት አስተማረች። ከዚያ አንድ የምርምር ተቋም የዓሣ ክፍል ውስጥ ተቀጠረች። እዚያ ቤት ዓሣ ማለት የሚበላው ነው። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ስንት ኪሎ ይወጣዋል፣ በስንት ወር ይደርሳል። ቢሊሴ ግን ሌላ ዓሣ ያዛት። አፋር በረሃ ውስጥ፣ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ መሬቱን ባጠቆረበት አገር፣ ከመሬት የሚፈልቅ ትኩስና ጨዋማ ውሃ አለ። በዚያ ውሃ ውስጥ ከትንሿ ጣት የማይበልጥ ዓሣ ይኖራል። ወንዱ በእርባታ ጊዜ ሰማያዊ ይሆናል፤ ጭራው ጫፍ ላይ ቢጫ ቀለም ይቀባል። ባልደረቦቿ ፎቶውን አይተው፣ “ይሄ እኮ ለድመትም አይበቃ” ብለው ሳቁ።

በ1996 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወርድ ሁለት ምንጮች አገኘች። አንዱን የአካባቢው ሰዎች ዳታ ሌ ይሉታል፤ በአፋርኛ ጥቁር ውሃ ማለት ነው። ሌላው ዓዶ ሌ ነው፤ ነጭ ውሃ። በመካከላቸው በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ የጥቁር ድንጋይ ሸንተረር አለ። የሁለቱም ምንጮች ዓሦች አንድ ዓይነት ናቸው። ቀለማቸው፣ መጠናቸው፣ ክንፋቸው፣ ሁሉም። ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው እሷ ራሷ አትለያቸውም።

የሚለያቸው ሌላ ነገር ነበር። ከእያንዳንዱ ዓሣ ጭራ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅዳጅ እየቆረጠች አልኮል ውስጥ ትጨምራለች፤ ዓሣውን መልሳ ወደ ውሃው ትለቀዋለች። ቅዳጁን አዲስ አበባ አምጥታ በዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ዘረመሉን አወጣች። የዘረመሉ ንባብ ውጭ አገር ተሠርቶ እስኪመጣ፣ ውጤቱ እስኪመረመር፣ እንደገና ወርዳ እንደገና እስክትቆርጥ ዓመታት ሄዱ። በመጨረሻ የወጣው ነገር ግልጽ ነበር። ያ ጥቁር ድንጋይ ገና ቀልጦ ሲፈስ ውሃውን ለሁለት ከፍሎታል፤ ከዚያ ወዲህ የዳታ ሌና የዓዶ ሌ ዓሦች ተገናኝተው አያውቁም። የማያውቅ ሰው አንድ የሚላቸው እነዚህ ዓሦች በዘር ከተለያዩ የሰው ልጅ ታሪክ የማይደርስበት ዘመን አልፏቸዋል። በዚያ ላይ የዳታ ሌው የዓዶ ሌውን በሚገድል ጨው ውስጥ ይኖራል።

ይህንን ለእናቷ ለወይዘሮ ለምለም ያስረዳችው ሽንኩርት አብረው እየላጡ ነበር።

“እማዬ፣ ሁለት ቤተሰብ ናቸው በይው። አንዱ ቢያልቅ ሌላው አይተካውም። አንድ ላይ ቢኖሩ ደግሞ ይጋቡና ሁለቱም ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ነገር ነው። ስለዚህ ለየብቻ ነው መጠበቅ ያለባቸው።”

“ድንጋይ አለ አላልሽኝም እንዴ በመሃላቸው? ማን ወስዶ ያገናኛቸዋል?” አሉ እናቷ።

“ማንም” አለች ቢሊሴ። ያኔ እንደዚያ ነበር የመሰላት።

ጥናቷ በ2000 ዓ.ም. ታተመ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሁለቱ ምንጮች ዓሦች ሁለት የተለያዩ የጥበቃ ወገኖች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው እንደ መለዋወጫ ሊቆጠር አይገባም።

በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ለታ እንደ ልማዱ እሑድ ምሳ ሊበላ መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ “ቢሊ፣ ያንቺ ዓሦች ያሉበትን ቦታ ጥናት እኛ አገኘነው” አላት። ዳታ ሌ አጠገብ የጨው ፋብሪካ ሊተከል ነው። የምንጩ ውሃ በቦይ ወደ ማድረቂያ ገንዳዎች ይገባል። አካባቢውን ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያጠናው የለታ ድርጅት ነው።

ቢሊሴ ከደስታዋ ብዛት አቀፈችው። ሌላ ሰው እጅ ቢገባስ ኖሮ? ያንን ከሰዓት ሙሉ ስታስረዳው ዋለች። ውሃው ከምንጩ አፍ ሳይሆን ከታች፣ ዓሦቹ ከሚኖሩበት ኩሬ ካለፈ በኋላ ይወሰድ። ፋብሪካው ትንሽ ይዘገይ እንደሆን እንጂ አይጎዳም። ዓሦቹን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር የሚባለውን ነገር ማንም እንዳያነሳው። ለታ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት። ጥያቄም ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር የጠየቀው።

ስብሰባው የካቲት ላይ፣ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተጠራ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሰዎች፣ የፋብሪካው ሰዎች፣ ከአፋር የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የየተቋማቱ ተወካዮች አሉ። ቢሊሴ ከተቋሟ ተወክላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ለታ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከፊት ቆሟል። ስላይዶቹ አንድ በአንድ አለፉ። መንገድ፣ የሥራ ዕድል፣ አቧራ፣ ውሃ። ቀጥሎ “ብዝኃ ሕይወት” የሚል መጣ፤ ለታም ሳይቆራረጥ አነበበው።

“በቢሊሴ ጉርሜሳ ጥናት እንደተረጋገጠው፣ ይኸው ዓሣ በዓዶ ሌ ምንጭም በብዛት ይገኛል። ስለሆነም የዳታ ሌ ውሃ መቀነስ በዝርያው ህልውና ላይ ጉልህ ተጽዕኖ አይኖረውም።”

ቢሊሴ ስላይዱ ላይ የተጻፈውን ስሟን አየችው። የአባቷንም ስም አየችው። ለታ ወደ ሦስተኛው ረድፍ አልተመለከተም፤ ቀጣዩን ስላይድ ከፈተ።

እጇን አነሳች። ሰብሳቢው አቶ አስገዶም የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ጥያቄ ከሆነ ባጭሩ እንድታቀርብ ፈቀዱላት።

“ቢሊሴ ጉርሜሳ የምባለው እኔ ነኝ” አለች። “ጥናቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን የተነበበውን ግን አልጻፍኩም። የጻፍኩት ተቃራኒውን ነው።”

“አይሰማም!” አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ማይክ አመጡላት። ድምጿ ግን ይበልጥ ወረደ፤ አዳራሹ ውስጥ የወንበር ድምፅ እንኳ ጠፋ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ዘረመሉ፣ ስለ ጨው ተናገረች። አቶ አስገዶም በትዕግሥት ከሰሟት በኋላ፣ “እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪን። ዝርያው አንድ ነው ወይስ ሁለት?” አሏት።

“ስሙ አንድ ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች መልኩን ብቻ ነው ያዩት።”

“እንግዲህ አንድ ከሆነ—”

“ስሙ ነው አንድ ያልኩት።”

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። የፋብሪካው ወኪል ማይኩን ተቀበለ። “እኛ እኮ ጨካኞች አይደለንም” አለ። “ዓሦቹን በራሳችን ወጪ በበርሜል ጭነን ዓዶ ሌ እንጨምራቸዋለን። በጥናቱም ላይ ተቀምጧል። እንዲያውም ለአገር ገጽታ በካሜራ ይቀረጻል።” ተጨበጨበለት።

“እንደዚያ ካደረጋችሁ የዓዶ ሌውንም ታጠፉታላችሁ” አለች ቢሊሴ። ጭብጨባው ውጦት አልተሰማም። አቶ አስገዶም ስሜታዊ መሆን እንደማያስፈልግ ተናግረው የሻይ ዕረፍት አወጁ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰችበት። ለታ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ቆሟል፤ እንደምትመጣ ያውቃል።

“ስሜ እዚያ ምን ይሠራል?”

“ቢሊ፣ እዚህ አይሆንም። ቤት እንነጋገር።”

“ቤትማ ተነጋግረን ነበር። ሙሉ ቀን ተነጋግረናል።”

“ስሚኝ” አላት። “ፋብሪካው እንደሆነ አይቀርም። እኔ አልጽፍም ብል ሌላ ይጽፈዋል፤ ያ ሌላው ደግሞ ዓሣ የሚባል ነገር መኖሩንም አያነሳም። ከታች ይወሰድ ያልሽውን አቅርቤላቸው ነበር፤ አይሆንም አሉ፣ በቃ። እዚያ አገር ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ወጣት ብታዪ... ማለቴ፣ የሰው ነገር አለ። እኔ ቢያንስ እንዲዛወሩ አድርጌያለሁ።”

“እንዳይዛወሩ ነው የነገርኩህ።”

“አውቃለሁ።”

“ለምን እንዳይዛወሩ እንዳልኩህ ገብቶሃል?”

ለታ ወደ ጎን ተመለከተ። ሊዋሻት ይችል ነበር፤ አልገባኝም ቢላት ኖሮ እዚያው ቆማ እንደገና ታስረዳው ነበር።

“ገብቶኛል” አለ።

ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ በእግሯ ሄደች። የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፤ ከፊቷ የሚመጣ ሰው መንገድ ይለቅላታል። መስቀል አደባባይን እንዴት እንደተሻገረች አታስታውስም። የምታስታውሰው በግራሶ የጠቆረ እጅ ነው፤ እሱን እያሰበች ይበልጥ ተናደደች። ያሳደጋት ሰው ባይሆን ኖሮ ስድብ ይበቃው ነበር። ለዚህኛው የሚበቃ ስድብ አላገኘችም።

በማግስቱ አለቃዋን ዶክተር ኢያቄምን አነጋገረች። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ፈሪ ግን ናቸው።

“ነገሩ የወንድምና የእህት ጠብ ነው እየተባለ ነው” አሏት።

“ማን ነው ያለው?”

“እንዲያው ይወራል። ቢሊሴ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብትዪ?”

“ዶክተር፣ ውሃው ሊደርቅ ነው፤ እኔ ብቀዘቅዝ ምን ይጠቅማል?”

ማስተባበያ ጽፋ ለባለሥልጣኑ ላከች፤ ደርሶናል አሏት። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራት፣ ሌላው ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አለ። ፋብሪካው በሚያዝያ ፈቃዱን አገኘ። ግንቦት ላይ ሁመድ የሚባል፣ ለምርምር ስትወርድ ሁሌ የሚያስተናግዳት የዳታ ሌ አካባቢ አርብቶ አደር ስልክ ደወለ። “ማሽን መጥቷል” አላት። “ውሃው እየሄደ ነው። ጨው ያልበዛበት የዳር ውሃም ነጥፎ ፍየሎቻችን ጭቃ እየላሱ ነው። ነይ።”

ዶክተር ኢያቄም የመስክ መኪናውን ሰጧት። “ናሙና ለመሰብሰብ ብዬ ነው የምፈርመው” አሏት ዓይኗን ሳያዩ። ድፍረታቸው እስከዚያ ነበር፤ እሱንም አልናቀችውም።

ስትደርስ ኤክስካቫተሩ የምንጩን አፍ ቀድዶ ቦይ አውጥቶለታል። ኩሬው ወርዶ ወርዶ ጎድጓዳው ላይ ብቻ ቀርቷል፤ ዓሦቹ እዚያ ተጨናንቀው ጀርባቸው ፀሐይ ላይ ይታያል። ሠራተኞች በአጎበር እየጨለፉ ሰማያዊ በርሜሎች ውስጥ ይገለብጣሉ። አንድ ፒክአፕ ተጭኖ ሞተሩ ተነሥቷል። አጠገቡ ካሜራ የያዘ ሰው ቆሟል። የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር ደጋጋ የሚባል፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ጎልማሳ ነው።

“የት ነው የምትወስዷቸው?” አለችው።

“ዓዶ ሌ። እያዳንናቸው ነው” አለ እየሳቀ።

ቢሊሴ ወደ ፒክአፑ ሄዳ በሾፌሩ መስኮት እጇን አስገባችና ቁልፉን ነቀለችው። ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ደጋጋ መጣ፣ ጮኸ፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። “ጥራ” አለችው። ጠጋ ብሎ፣ “ምን አልሽ?” አላት፤ ስላልሰማት ነው። “ጥራ ነው ያልኩህ።”

ሁመድና አብረውት የነበሩት ሰዎች መጥተው በእሷና በሠራተኞቹ መካከል ቆሙ። ስለ ዓሣው ብዙም ግድ የላቸውም፤ እነሱን ያስቆጣቸው የፍየሎቻቸው ውሃ ነው። ሁመድ ግን፣ “ይቺ ሴት የእኛ እንግዳ ናት። ቁልፉን አምጪ የሚላት ሰው መጀመሪያ ውሃችንን ያምጣ” አለ። ከዚያ በኋላ ደጋጋ ድምፁን ቀነሰ። በርሜሎቹ ከፒክአፑ ወርደው በእሷ መኪና እንዲጫኑ ተስማማ፤ ካሜራው ይቅረጽ፣ እሱን ብቻ አትከልክዪኝ አላት። ቁልፉን መለሰችለት።

በርሜሎቹ ሲጫኑ አንደኛው ሠራተኛ በቅንነት፣ “የጠዋቱንስ ለምን አልያዝሽውም?” አላት።

“የጠዋቱ ምን?”

“ጠዋት አንድ ጊዜ ሄደናል፤ እዚያ ጨምረናቸው ተመልሰናል።”

ዘግይታለች። ሸንተረሩ ያን ያህል ዘመን የጠበቀውን ነገር አንድ ፒክአፕ ከቁርስ በፊት አፍርሶታል። ቢሊሴ መኪናው ጎማ ላይ ተደግፋ ቆመች። ለማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም። ውሃ የሚሰጣት ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሞ፣ እሷ ሳታየው ብዙ ቆየች። አሁን ንጹሕ የዳታ ሌ ዓሣ በዓለም ላይ የቀረው እነዚህ በርሜሎች ውስጥ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ደጋው ብርድ ያዛቸው፤ ከዓሦቹ ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ አለቁ። የተቋሙ የዓሣ ክፍል ለቆሮሶ የተሠራ ነው፤ ማሞቂያ የለውም፣ ቅዳሜና እሑድ ይቆለፋል። ስለዚህ በርሜሎቹን ቂርቆስ አመጣቻቸው። እናቷ አልጋቸውን ሳሎን አስወጥተው መኝታ ቤታቸውን ለቀቁላት።

መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት ነበር። አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ባለበት ቀን ማሞቂያውና የአየር ፓምፑ ይሠራሉ። በሌለበት ቀን ግን ከሰል ይቀጣጠላል፤ ውሃ ይፈላል፤ የፈላው በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ በርሜሎቹ ውስጥ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል። በርሜሎቹ ብርድ ልብስና ጋቢ ለብሰዋል። አየር እንዲያገኙ ደግሞ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ይህንን ቢሊሴ ሥራ ስትሄድ ወይዘሮ ለምለም ወንበር ይዘው ይሠሩታል፤ ጸሎታቸውን እያደረሱ ይቀዳሉ፣ ያፈስሳሉ። የሞተ ሲያዩ፣ “በእኔ ጥፋት የሞተ እንዳይመስልሽ” ይሏታል ማታ።

ጎረቤታቸው እትዬ ቡዜ ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው ያኮረፉት፤ የግቢው ሽታ የባሕር ዳር ሆነ ብለው። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጠርሙስ ትኩስ ውሃ ይዘው መጡ።

“ለእነዚያ ለተሰደዱት” አሉ። “ለመሆኑ ከወንድምሽ የተጣላሽው ለእነዚህ ነው?”

“ለእነሱ አይደለም፤ ስሜን ወስዶ ዋሸበት፣ እትዬ።”

“እሱ እንኳን ያጣላል” አሉ እትዬ ቡዜ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረቃ በሆነ ቁጥር ጠርሙሱን አላቋረጡም።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር፣ ቴሌቪዥን የዳታ ሌን ፋብሪካ አሳየ። “ድርጅቱ ብርቅዬ ዓሦችን ወደ ምርምር ማዕከል በማዛወር ለአካባቢ ያለውን ተቆርቋሪነት አስመስክሯል” አለ ተራኪው። በርሜል የምትገፋ ሴት ጀርባ ታየ። ቢሊሴ የራሷን ሹራብ አወቀችው። ተነሥታ ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ነቀለችው።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ለታ መጣ። መብራት የሌለበት ቀን ነው። ከፒክአፕ ላይ ጄነሬተር አውርዶ በር ላይ አስቀመጠ፤ ቤንዚንም ይዟል። ቢሊሴ በሩን ከፈተች። ጄነሬተሩን በአንድ ጎን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው። ለታ በሌላው ጎን ሊያግዛት ጎንበስ ሲል፣ “ተወው” አለችው።

“ከባድ ነው።”

“አንተ እዚያው ሁን።”

“ቢሊ፣ ገብቼ ላስነሳልሽ። መካኒክ ነኝ እኮ፣ ረሳሽው?”

“አልረሳሁም። የረሳሁት ነገር ቢኖር ደስ ባለኝ።”

እናታቸው ድምፁን ሰምተው ወጡ። ልጃቸው ደጅ ቆሟል፤ ሌላዋ ልጃቸው በሩን በክንዷ ይዛዋለች።

“ልጄን በር ላይ ታቆሚዋለሽ?”

“እማዬ፣ እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ።”

ወይዘሮ ለምለም ሁለቱንም አዩ። ከዚያ ገብተው ሁለት በርጩማ አመጡና አጥሩ ሥር፣ መንገዱ ላይ፣ ከለታ ጋር ተቀመጡ። ምሳም እዚያው አቀረቡለት። የሰፈሩ ሰው እያየ ያልፋል። ቢሊሴ ውስጥ ሆና ጄነሬተሩን በስንት ትግል አስነሣችው። ማሞቂያዎቹ ሠሩ፤ የለታ ጄነሬተር ዓሦቹን ክረምቱን አሻገራቸው። ይህ ራሱ ይበልጥ አናደዳት። ለታ ለብዙ ጊዜ ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያው ደጅ ላይ ነበር።

ዓሦቹ በርሜል ውስጥ ወለዱ። በ2003 ዓ.ም. ቆላ ያለ አንድ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ሁለት የሲሚንቶ ገንዳ ፈቀደላትና እዚያ ወረዱ። በዚያው ዓመት ዓዶ ሌ ሄዳ ቅዳጅ ሰበሰበች። ከታችኛው ኩሬ የያዘቻቸው ግልገሎች ቅልቅል ሆነው ተገኙ። ከሸንተረሩ ሥር፣ ውሃው በድንጋይ ደረጃ በሚወርድባት አንዲት የላይኛ ኩሬ ውስጥ ብቻ ንጹሕ የዓዶ ሌ ዓሣ ቀርቷል። ሁመድና ዘመዶቹ ያችን ኩሬ በድንጋይ አጠሯት። በቀጣዩ ዓመት ተቋሙ ሁለቱን ዓሦች ለየብቻ የሚጠበቁ ሁለት ወገኖች አድርጎ መዘገበ። ዶክተር ኢያቄም እንኳን ደስ አለሽ ሊሏት ቢሮዋ መጡ።

“ሲነገራችሁ በነበረ ጊዜ የዳታ ሌው በራሱ ቤት ነበረ፤ አሁን ገንዳ ውስጥ ነው ያለው” አለቻቸው። “በምን ደስ ይበለኝ?”

ፋብሪካው በ2005 ዓ.ም. ተዘጋ። የጨዉ ገበያ ወረደም ተባለ፣ ባለቤቶቹ ተጣሉም ተባለ። ሥራ ያገኛሉ የተባሉት ወጣቶች ተበተኑ። በቀጣዩ ዓመት ለታ፣ “ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ፤ ውሰጂኝ” ብሎ በእናታቸው በኩል ላከባት። ሪፖርቱን ሲጽፍ ካዛንቺስ ተቀምጦ እንጂ ዳታ ሌን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ይህንን ያወቀችው ያኔ ነው። ወሰደችው፤ በመንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገሩም።

ኩሬው የነበረበት ቦታ ነጭ የጨው ቅርፊት ነው። ኤክስካቫተሩ ሰንሰለቱ ተነቅሎ ዝጎ ቆሟል። የማድረቂያ ገንዳዎቹ ውስጥ ነፋስ ላስቲክ ያንገላታል። ለታ ወደ ቅርፊቱ ወርዶ ቆመና ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ ቁጭ አለ። የመካኒክነት ዘመኑ የጎዳው ጉልበቱ ነው ያስቀመጠው ወይስ ሌላ ነገር፣ አላወቀችም።

“ትንሽ ነበር የመሰለኝ” አለ። “ማለቴ፣ ወረቀት ላይ ትንሽ ነበር።”

ቢሊሴ በጫማዋ ጫፍ የጨዉን ቅርፊት ሰበረች።

“ይቅርታ” አላት።

“እኔን ነው?” አለችው። “እኔን ከሆነ አልፈልገውም። በስሜ የጻፍከውን በስምህ አፍርሰው። ገብቶኝ ሳለ ነው የዋሸሁት በል፤ ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ንገራቸው።”

“ቢሮዬ ይዘጋል፣ ቢሊ። አሥራ አንድ ሰው አለኝ።”

“አንተ ታውቃለህ።”

ጥቂት ወራት ቆየ እንጂ ጻፈው። ሪፖርቱ ስህተት እንደነበረ፣ ስህተቱም እያወቀ ያደረገው መሆኑን፣ የእህቱ ጥናት የሚለው ሌላ እንደነበር ዘርዝሮ ለሚመለከታቸው ቢሮዎች ሁሉ ላከ። ቢሮው ሊዘጋ ነው ብሎ ሠራተኞቹን አስጠነቀቀ፤ ሁሉም ሌላ ሥራ ማፈላለግ ጀመሩ። ከዚያ ጠበቁ። ማንም አልመለሰለትም። የጠራው የለም፣ የጠየቀው የለም፣ የከሰሰው የለም። ቢሮው አልተዘጋም። በሦስተኛው ወር ስለ ሌላ ምንጭ ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ ያንን አልቀበልም ብሎ መለሰው።

ለታ ይህንን የነገራት ቂርቆስ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ነው። እንዲገባ ፈቅዳለታለች። “አንድ ሰው እንኳ አልተቆጣም” አላት፤ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ነበር። ቢሊሴ ወንድሟን አየችው። በእሱ ላይ የነበራት ቁጣ ወዴት እንደሄደ ስትፈልገው፣ እዚያ ካዛንቺስ አዳራሽ ውስጥ ያጨበጨቡትን እጆች አስታወሰች። ማን ማን እንደነበሩ እንኳ አታውቅም።

“ብላ፣ ይቀዘቅዛል” አለችው።

ሰኞ ማለዳ ወደ ቆላው ጣቢያ ወረደች። አዲሱ የጣቢያው ኃላፊ ገንዳዎቹ አጠገብ ጠብቋት፣ ከዓዶ ሌ ጥቂት ዓሦች አምጥተው ቢጨምሩበት እርባታው አይጠነክርም ወይ ብሎ ጠየቃት። ቢሊሴ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሰውየው መልሱን ለመስማት ጠጋ አለ።